የሰማይዋ ሐኪምና ያልተመለሰው ሐቅ

ቃሂራ፣ ኤደን፦ በ1940ዎቹ ማብቂያ ላይ፣ ኤደን ገና በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሥር ሳለች፣ ዕድሜያቸው ሠላሳ የደረሰ አንዲት አውሮፓዊት ሐኪም በከተማዋ የሴቶች ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሆስፒታሉ ሴት ሐኪም የፈለገበት ምክንያት ለዚህ አካባቢ አንባቢ ማብራሪያ አያሻውም። ሴት ገበናዋን ለሴት ትገልጣለች፤ ባልና ወንድምም ለሴት ሐኪም ያለ ማመንታት አሳልፈው ይሰጧታል። ሴት ሐኪም በሌለችበት ግን ምጥ የጠናባት እናት ከደጇ ሳትወጣ ልትቀር ትችላለች። ሐኪሟ በኤደን ብዙም አልሰነበቱም። በ1950 ወደ ኬንያ ተሻገሩ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም ድረስ፣ አርባ ዘጠኝ ዓመት ያህል፣ በዚያው ኖሩ።

ስማቸው ዶክተር አን ስፖሪ ነው። የኬንያ የሰሜን በረሃና የባሕር ጠረፍ ሰዎች «ማማ ዳክታሪ» ይሏቸው ነበር፤ «እናት ሐኪም» እንደ ማለት ነው። አነስተኛ አውሮፕላን ራሳቸው እያበረሩ፣ መንገድ ወደማይደርስበት መንደር ክትባትና መድኃኒት በማድረስ ፈር ከቀደዱ ሴቶች መካከል ስማቸው ከፊት ይነሣል። ስለ እርሳቸው የሚጻፈው ብዙው ነገር እዚህ ላይ ይቆማል። ይሁንና እኒህ ሴት ኤደን የደረሱት በትውልድ አገራቸው የክብር ሸንጎ ተፈርዶባቸው፣ ከፈረንሳይ ምድር ለ25 ዓመት እንዲርቁ ከተወሰነባቸው በኋላ ነበር። ይህን ትቶ ማወደስ ታሪክን ማጉደል ነው። ይህን ብቻ ይዞ መኮነንም ያው ነው። ከሁለቱም የሚብሰው ስሕተት ግን ሌላ ነው፤ ለላሙ ሕፃናት የተሰጠው ክትባት በሌላ አገር የተበደሉትን ሴቶች ዕዳ ከፍሎታል ብሎ መዝገቡን መዝጋት።

አስቀድሞ በጎው ይነገር፤ በጎው እውነት ነውና።

በ1957 ማይክል ውድ፣ አርቺባልድ ማክኢንዶ እና ቶም ሪስ የተባሉ ሦስት ቀዶ ጠጋኞች ዛሬ አምሬፍ በሚል ስም የሚታወቀውን ድርጅት መሠረቱ፤ መቀመጫውም ናይሮቢ ሆነ። ሐኪምን በአውሮፕላን መላክ በዓለም አዲስ ነገር አልነበረም፤ አውስትራሊያ ከ1928 ጀምሮ የመሐል አገር በረሃዋን እንዲሁ ስታገለግል ቆይታለች። የአውስትራሊያ አርቢ ግን ሬዲዮም የማረፊያ ሜዳም በግቢው ነበረው። የምሥራቅ አፍሪካ ከብት አርቢ ሁለቱም አልነበሩትም። ስለዚህ ድርጅቱ በ1961 ራቅ ያሉ የሚሲዮን ሆስፒታሎችንና ክሊኒኮችን እርስ በርስ የሚያገናኝ የሬዲዮ መረብ መዘርጋት ጀመረ። አውሮፕላኑ የሚነሣው በዚያ ሬዲዮ በሚመጣ ድምፅ ነበር።

አን ስፖሪ ከዚያ በፊት ለአሥራ ሦስት ዓመት ያህል በኬንያ ደጋ፣ ኦል ካሉ በሚባል የእርሻ አገር፣ የመኪና መንገድ የሚያውቁ ሐኪም ነበሩ። ኬንያ በታኅሣሥ 1963 ነፃነቷን ስታገኝ የነጮቹ እርሻዎች ለአገሬው ገበሬዎች ይከፋፈሉ ጀመር፤ ብዙዎች ሻንጣቸውን ሸከፉ። እርሳቸው አልሄዱም። በ45 ዓመታቸው ማብረር ተማሩ፤ በራሳቸው ገንዘብ አውሮፕላን ገዙ፤ በ1964 የበራሪ ሐኪሞቹን ማኅበር ያለ ደመወዝ ተቀላቀሉ። በኋለኛው ዘመን ያበረሩት ፓይፐር የተባለ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን በሬዲዮ መጠሪያው «ዙሉ ታንጎ» ይባል ነበር፤ ከስማቸው ጋር የተሳሰረው እርሱ ነው። ብዙ ሰው የጡረታ ዕድሜ በሚለው ጊዜ፣ ሰባኛ ዓመታቸውን አልፈውም፣ መሪውን አልለቀቁም።

የአውሮፕላን ጥቅም ፍጥነቱ ብቻ የሚመስለው ሰው ክትባት ተሸክሞ በረሃ ያልሄደ ነው። የኩፍኝ ክትባት ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለበት። ዱቄቱ በፈሳሹ ከተበጠበጠ በኋላ ደግሞ ከስድስት ሰዓት በላይ አያገለግልም። በአፍ የሚሰጠው የፖሊዮ ጠብታ ሙቀትን ከሁሉም ይልቅ ይፈራል። ከናይሮቢ ተነሥቶ በጭነት መኪና ወደ ቱርካና ሐይቅ የሚጓዝ የክትባት ሣጥን ሁለትና ሦስት ቀን በአቧራና በጠራራ ፀሐይ ይንከራተታል፤ በረዶው ይሟሟል፤ የደረሰው ጠርሙስ ከውጭ ሲያዩት ደህና ይመስላል፣ ከውስጥ ግን ሞቷል። እናትም «ልጄ ተከትቧል» ብላ ትመለሳለች፤ ልጁ ግን ምንም አልተቀበለም። አውሮፕላኑ ይህን የሦስት ቀን ጉዞ ወደ ሦስት ሰዓት ያወርደዋል። የእኒህ ሐኪም ሥራ ታላቅነት ያለው በዚህ አሰልቺ በሚመስል ሒሳብ ውስጥ ነው፤ በነፋስና በደመና መካከል ስለ መብረራቸው ከሚተረከው ጀብዱ ይልቅ።

ሌላው የሥራው ምሥጢር ቀጠሮ ነው። ዙራቸው ልማድ ነበረው፤ ሰዎች የሚመጡበትን ቀን ያውቃሉ፣ ከማረፊያው ሜዳ ዳር ዛፍ ጥላ ሥር ይሰበሰባሉ። አውሮፕላኑ መጀመሪያ ሜዳውን ዝቅ ብሎ ያልፈዋል፤ ፍየሉና ግመሉ ይሸሻል። ከዚያ ዞሮ ያርፋል። ሣጥኖቹ ይወርዳሉ፤ ጠረጴዛ ይዘረጋል፤ ወረፋው ይጀምራል። ትክትክ የያዘው ሕፃን፣ ዐይኑ በትራኮማ የተነካ አዛውንት፣ ቁስሉ ያመረቀዘ እረኛ፣ ጥርሱ የታመመ ጎረምሳ። ጥርስ መንቀል ለእርሳቸው የዕለት ሥራ ነበር። ለከባዱ ሕመምተኛ ወንበሩ ወጥቶ ቦታው ለቃሬዛ ይሆናል፤ ወደ ሆስፒታልም ይዘውት ይሄዳሉ።

ከሚዘዋወሩባቸው ቦታዎች ሁለቱ ለአማርኛ አንባቢ ቅርብ ናቸው። አንደኛው ኢሌሬት ነው፤ በቱርካና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳር፣ ከኢትዮጵያ ድንበር አጠገብ። በዚያ የሚኖሩት ዳሰነች ወገኖቻቸው ከድንበሩ ወዲህ በኦሞራቴ ዙሪያ ናቸው፤ ከብቱም ሕመሙም ድንበር አይጠይቅም። ሁለተኛው ላሙ ነው።

ላሙ በኬንያ ሰሜናዊ የባሕር ጠረፍ ያለች የጥንት የሙስሊሞች ደሴት ናት። ከየመን ጋር ያላት ዝምድና የወሬ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አካባቢ የሪያዳን መስጊድ ያቋቋሙት ሐቢብ ሷሊህ ዘራቸው ከሐድረመውት ሳዳዎች የሚመዘዝ ዓሊም ነበሩ፤ እስከ ዛሬ በየዓመቱ የመውሊድ ሰሞን ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ሁሉ ሰው ይጎርፍባታል። ከናይሮቢ በአነስተኛ አውሮፕላን ሁለት ሰዓት ያህል ነው። በየብስ የሚመጣ ሰው ግን ከጣና ሐይቃችን ጋር ስም ብቻ የሚጋራውን የጣና ወንዝ መሻገር ነበረበት፤ ወንዙ ሲሞላ መንገዱ ይቆረጣል። ከላሙ ወዲያ እስከ ሶማሊያ ድንበር ድረስ የተበተኑት የፋዛና የኪዩንጋ መንደሮች ደግሞ ከእርሷም የራቁ ናቸው። በዚያ ጠረፍ ለጥቁር ቡይቡይ ለባሽ እናት ሴት ሐኪም ከሰማይ መውረዷ በኤደን የሴቶች ሆስፒታል የነበረው ነገር ሌላ መልክ ነው፤ ከሐኪም ፊት መቅረብ የምታፍር ሴት እርሳቸው ፊት ቀረበች። አን ስፖሪ ደሴቲቱን ወደዷት፤ ሼላ በሚባለው መንደር ቤት ያዙ።

የአየር መንገድ መከፈትና መዘጋት ምን እንደሚያመጣ የመን በራሷ ላይ አይታዋለች። የሰንዓ አውሮፕላን ማረፊያ ከነሐሴ 2016 ጀምሮ ለመንገደኛ በረራ ተዘጋ። ኩላሊቱ የደከመ፣ ካንሰር የያዘው፣ በአገር ውስጥ የማይገኝ ሕክምና የሚሻ ሰው ሁሉ ወይ በጦር ግንባሮች መካከል አልፎ ወደ ኤደን ወይም ወደ ሰይኡን በመኪና መጓዝ፣ ወይ ቤቱ መተኛት ነበረበት። በየካቲት 2020 በተባበሩት መንግሥታት የተዘጋጀው የመጀመሪያው የሕሙማን በረራ ከሰንዓ ወደ ዐማን ሲነሣ ውስጡ የነበሩት ጥቂቶች ናቸው፤ በዝርዝሩ ላይ ስማቸው ተጽፎ የቀሩት ግን ብዙ ነበሩ። መደበኛው በረራ እስከ ግንቦት 2022 አልተመለሰም። በዚህ ሁሉ የተፈተነ ሕዝብ በራሷ አውሮፕላን መድኃኒት የምታመጣ ሐኪምን ሥራ በቀላሉ አያይም።

አንድ ነገር በጎን መባል አለበት። በረራ ያለ ምድር ሠራተኛ ከንቱ ነው። ሐኪሟ በመጡ ማግስት ቁስሉን የሚያጥበው፣ ኪኒኑን በሰዓቱ የሚሰጠው፣ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ክትባት ጊዜ ቆጥሮ የሚያስታውሰው በመንደሩ የሚቀረው ነርስና የጤና ረዳት ነው፤ ስሙ ግን በታሪኩ ውስጥ አይገኝም። ኢትዮጵያ በ2003 የጀመረችው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ከ30,000 በላይ ወጣት ሴቶችን በየቀበሌው ያሰማራው ይህን እውነት በመረዳት ነው። አውሮፕላን የላትም፤ በእግሯ ደጅ ለደጅ ትዞራለች፤ ማንም መጽሐፍ አይጽፍላትም።

አን ስፖሪ በየካቲት 1999፣ በሰማንያ ዓመታቸው አረፉ። «ማማ ዳክታሪ ይሉኛል» በሚል ርእስ የራሳቸውን ሕይወት አስቀድመው ጽፈው ነበር። በዚያ መጽሐፍም ሆነ በጨዋታ መካከል የማይነኩት አንድ ዘመን ነበራቸው። ወዳጆቻቸው ስለ ጦርነቱ ዓመታት ሲጠይቋቸው በቁጣ ይዘጉት ነበር። ሰዉም «በናዚ ማጎሪያ ካምፕ ታስረው ነበር፤ ቁስሉ ቢከብዳቸው ነው» ብሎ በአዘኔታ ተዋቸው። አዘኔታው በከፊል ተገቢ ነበር።

አን ስፖሪ በ1918 በፈረንሳይ የተወለዱ፣ ከአልዛስ የጨርቃ ጨርቅ ባለሀብቶች ቤተሰብ የወጡ ናቸው። ጀርመን ፈረንሳይን ስትወር በፓሪስ የሕክምና ተማሪ ነበሩ፤ ከወንድማቸው ጋር በድብቅ ተቃውሞው ውስጥ ገቡ። በ1943 ተያዙ፤ በ1944 መጀመሪያ ከበርሊን በስተሰሜን ወዳለው የሴቶች ማጎሪያ ካምፕ፣ ወደ ራቨንስብሩክ ተጋዙ። በ1939 በተከፈተው በዚያ ካምፕ ከ120,000 በላይ ሴቶች አልፈዋል፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩት አልወጡም። እስከዚህ ድረስ ታሪካቸው የጀግና ታሪክ ነው።

በካምፑ ውስጥ ብሎክ 10 የሚባል ቤት ነበር፤ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማንና አእምሯቸው የታወከ ሴቶች የሚታጎሩበት። ጀርመኖቹ በየብሎኩ ላይ ከእስረኞቹ መካከል አለቃ ይሾሙ ነበር። የብሎክ 10 አለቃ ካርመን ሞሪ የተባለች ስዊዘርላንዳዊት ነበረች፤ ጨካኝ ነበረች። ገና ትምህርታቸውን ያልጨረሱት አን ስፖሪ በእርሷ ጥላ ሥር ወደቁ፤ «ዶክተር ክሎድ» በሚል ስምም ይጠሩ ጀመር። ከካምፑ የተረፉ ሴቶች ከጦርነቱ በኋላ በሰጡት ቃል፣ ሕሙማንን መቱ፣ በቀዝቃዛ ውኃ አስደፉ፣ ለሞት የሚያበቃ መርፌም ወጉ ብለዋል። ከብሎክ 10 ወጥተው ወደ ሌላ ብሎክ ከተዛወሩ በኋላ ደግሞ ለእስረኞች በጎ እንደሠሩና ሕይወት እንዳተረፉ የመሰከሩላቸው አሉ። ሁለቱም ምስክርነት ተመዝግቧል።

በ1946 የነፃ ፈረንሳይ ኃይሎች የክብር ሸንጎ ሐኪም ሳይሆኑ ሐኪም ነኝ በማለት፣ የፈረንሳይን ስም በማጉደፍና ኢሰብአዊ ድርጊት በመፈጸም ፈረደባቸው። ካርመን ሞሪ ሃምቡርግ ላይ በእንግሊዝ ጦር ፍርድ ቤት ሞት ተፈረደባት፤ ፍርዱ ሳይፈጸም በ1947 ሕይወቷን በእጇ አጠፋች። አን ስፖሪ መንገዳቸው ወደ ኤደን ሆነ። ነገሩ ከፈረንሳይ የተቃውሞ አርበኞች ክበብ ውጪ ለአሥርት ዓመታት ብዙም አልተሰማም። ሣራ ሄልም በ2015 ስለ ራቨንስብሩክ ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ሐኪሟን በአካል የሚያውቁት ጆን ሄሚንዌይ ደግሞ በ2018 ባሳተሙት የሕይወት ታሪክ ዝርዝሩን ወደ አደባባይ አወጡት።

ከዚያ ወዲህ የሚሰማው ሙግት ሁለት ወገን አለው። አንዱ ወገን «በእርሳቸው ቦታ ብንሆን ምን እናደርግ ነበር? ረኃብ፣ ዱላና የሞት ፍርሃት ያለበት ቦታ ነው» ይላል። ጥያቄው ሐቀኛ ነው። ግን ብሎክ 10 ራሱ መልስ አለው። በዚያው ቤት፣ በዚያው ረኃብ፣ በዚያችው አለቃ ሥር ሉዊዝ ለ ፖርዝ የተባሉ ፈረንሳዊት ሐኪምና ቪዮሌት ለኮክ የተባሉ ነርስ ነበሩ። መድኃኒት በሌለበት ሕሙማኑን በሚችሉት ሁሉ ይጠብቁ ነበር። ሁለቱም ከሞት ተርፈው ሃምቡርግ ላይ ቆመው መሰከሩ። ለኮክ ያዩትን በሥዕል አስቀሩ፤ ለ ፖርዝ ወደ ቦርዶ ተመልሰው ሐኪምነታቸውን ቀጠሉ። የአንዱ ሰው መውደቅ በፍርሃት ሊገለጥ ይችላል፤ የሌላው አለመውደቅ ግን ምርጫ እንደ ነበረ ያሳያል።

ሌላው ወገን «ሁሉም ማስመሰያ ነበር፤ ነጭ ልብስ ለብሶ መደበቅ ነው» ይላል። ይህ አይቆምም። ሠላሳ አምስት ዓመት ያለ ደመወዝ በኢሌሬት አቧራ ላይ ማረፍ መደበቂያ ከሆነ እጅግ ውድ መደበቂያ ነው፤ ለመደበቅ ኦል ካሉ ይበቃ ነበር። የፖሊዮ ጠብታ የቀመሰ ልጅም የሰጪዋ ኅሊና ምን እንደ ነበረ አይጠይቅም፤ እግሩ ጸንቶ ይሄዳል።

ሙስሊም አንባቢ በዚህ ሙግት ውስጥ ባዶ እጁን አይገባም። በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበው፣ ዘጠና ዘጠኝ ነፍስ ያጠፋው ሰው ታሪክ በየመድረሳው ይነገራል። ሰውየው መጀመሪያ የጠየቀው መነኩሴ ተስፋ ቢያስቆርጠው እርሱንም ገድሎ መቶ ሞላ። ሁለተኛው፣ ዐዋቂው፣ በእርሱና በተውባ መካከል የሚቆም እንደሌለ ነገረው፤ ክፉ አገሩንም ትቶ ደጋግ ሰዎች ወዳሉበት ምድር እንዲሄድ መከረው። መንገድ ላይ ሞተ። መላእክት ሲከራከሩበት ርቀቱ ተለካ፤ ወደ ሄደበት ምድር በስንዝር ቀርቦ ተገኘ። አገሩን ጥላ ወደ ኤደን የመጣችውን፣ ከዚያም ወደ ላሙ የተሻገረችውን ሴት ይህ ታሪክ አያስታውስም ማለት ያስቸግራል።

ነገር ግን በሙስሊም የተዘገበ ሌላም ሐዲስ አለ፤ የከሳሪው። ሶላቱን፣ ጾሙንና ዘካውን ይዞ የትንሣኤ ቀን የሚመጣ ሰው ነው፤ ይህን ሰድቧል፣ የዚያን ደም አፍስሷል፣ ሌላውን መትቷል። መልካም ሥራው ለተበዳዮቹ ይከፋፈላል፤ ሲያልቅበትም የእነርሱ ኃጢአት ወደ እርሱ ይጫናል። ዑለማዎች የተውባን መስፈርት ሲዘረዝሩ ጥፋቱን ማቆም፣ መጸጸትና ዳግም ላለመመለስ መቁረጥን ካስቀመጡ በኋላ፣ ጥፋቱ ሐቁል ዒባድ ከሆነ፣ ማለት የሰው ሐቅ የገባበት ከሆነ፣ ሐቁን መመለስ ወይም ባለቤቱን አውፍ ማስባል አራተኛው ነው ይላሉ። አላህ ከፈለገ ተበዳዩን ከራሱ ዘንድ ክሶ ሊያስደስት ይችላል፤ ያ የእርሱ ሥልጣን ነው፤ የአንዲትን ክርስቲያን ሐኪም የመጨረሻ ዕጣ መወሰንም የማንም ጸሐፊ ድርሻ አይደለም። ለሰው የቀረው ግን በዚህ ዓለም ያለው አራተኛው መስፈርት ነው።

አን ስፖሪ የጎደሉትም እዚህ ላይ ነው። ለ ፖርዝና ለኮክ ቦርዶና ፓሪስ በሕይወት ነበሩ። የ25 ዓመቱ ጊዜ በ1971 አልቋል። አውሮፕላን ነበራቸው፤ ገንዘብ ነበራቸው፤ ደብዳቤ የሚጽፉበት ሃያ ስምንት ዓመት ነበራቸው። «አዎ፣ ይህን ሠርቻለሁ» የሚል አንድ ገጽ በመጽሐፋቸው ውስጥ ቢኖር ኖሮ፣ በየቀኑ ካረፉባቸው የአቧራ ሜዳዎች ሁሉ የከበደ ማረፊያ ይሆን ነበር። ዝም አሉ። ዝምታቸው ደግሞ ራሳቸውን ብቻ የሚነካ አልነበረም፤ የመሰከሩትን ሴቶች ለብዙ ዓመታት የማይሰሙ አደረጋቸው። በላሙ የሚጨበጨበው ጭብጨባ ሁሉ፣ ሳያውቁትም ቢሆን፣ የእነዚያን ድምፅ ይሸፍን ነበር።

ይህ የሩቅ አውሮፓ ታሪክ ብቻ የሚመስለው በኤደን የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ካለ ወደ ላህጅ ጠረፍ ይመልከት። ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት በ2019 ብቻ ከ138,000 በላይ ሰዎች በባሕር የመን እንደገቡ መዝግቧል፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው። በራስ አል ዓራ ዙሪያ ደላሎች ስደተኞችን በሐውሽ እያጎሩ፣ ቤተሰብ ገንዘብ እስኪልክ ድረስ እንደሚያሠቃዩ በጋዜጠኞች ተመርምሮ ወጥቷል፤ ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2014 በሐረድ አካባቢ ስለ ነበሩት የስቃይ ግቢዎች ሰፊ ዘገባ አሳትሟል። በእነዚያ ግቢዎች ዱላውን የሚይዘው ሁልጊዜ የባዕድ ሰው አይደለም። ስልኩን ይዞ በአማርኛም በኦሮምኛም ከወላጅ ጋር የሚደራደረው፣ አንዳንዴም የሚመታው፣ ከስደተኛው ወገን የወጣ ነው። አንዳንዱ ራሱ ተይዞ ተገርፎ፣ መውጫ ሲያጣ ወደ ጠባቂነት የተሻገረ ነው። የብሎክ 10 ሥርዓት በአረብኛ ስም።

ከእነዚህ ሰዎች አንዳንዶቹ ዛሬ ሱቅ ከፍተዋል፤ መስጊድ ያሠራሉ፤ ለአዲስ መጭ ስደተኛ እራት ያበላሉ። ሰደቃቸው የተራበ ሰው ሆድ ይሞላል፤ ሰደቃ ነው፣ ሊናቅም አይገባም። የወሎው እረኛ ጆሮ፣ የአርሲው ወጣት የተሰበረ እግር፣ የሐረርጌዋ ልጅ የማይነገረው ነገር ግን በእራቱ አልተከፈለም። ባለሐቁ በሕይወት አለ፤ ስልክ ቁጥሩም ብዙ ጊዜ ይታወቃል፤ ያኔ ገንዘብ የተጠየቀበት ያው ቁጥር ነውና። ያን ቁጥር ዳግም ደውሎ «እኔ ነኝ፣ አውፍ በለኝ» ማለት፣ የተወሰደውንም ሐዋላ በመጣበት መንገድ መመለስ፣ ለመቶ ሰው እራት ከማብላት ይከብዳል። ለዚያም ነው ሰው ሁሉ እራቱን የሚመርጠው።

ስለ አን ስፖሪ ደግሞ ሊደረግ የሚችል ቀላል ነገር አለ። በስማቸው ክሊኒክ፣ ሽልማት ወይም የመማሪያ ክፍል የሚሰይም ካለ ይሰይም፤ በላሙና በኢሌሬት የሠሩት ይገባዋል። ከስማቸው በታች ባለው ሰሌዳ ላይ ግን ከናይሮቢ እስከ ኪዩንጋ ከተዘረዘሩት መንደሮች ጋር ራቨንስብሩክ፣ ብሎክ 10 የሚል መስመር ይጨመር፤ ከጎኑም የሉዊዝ ለ ፖርዝና የቪዮሌት ለኮክ ስም ይጻፍ፤ በመርፌው የሞቱት ሴቶች ስም የሚገኝ ከሆነ ደግሞ ከሁሉም በፊት የእነርሱ።